ከእግርም ከኪስም፣ በየሳምንቱ ጥቂት

ገና የእስጢፋኖስ ደወል ሳይደወል፣ ጎዳናው ለሌሊት ጥበቃዎችና ባለቤት ለሌላቸው ውሾች በተተወበት ሰዓት፣ በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ የሚመላለሰውን ሕዝብ የተመለከተ እንግዳ፣ በከተማይቱ ላይ አንዳች ድንገተኛ ነገር የደረሰ ሳይመስለው አይቀርም። ቀረብ ብሎ ሲያጤነው ግን ነገሩ ሥርዓት ያለው መሆኑን ይረዳል፤ ይኸውም ከታችኛው እርከን የተነሣው ሯጭ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሶምሶማ እየረገጠ ይሄድና ወደ ሁለተኛው ይወጣል፣ ሁለተኛውን ሲጨርስ ወደ ሦስተኛው ይሸጋገራል፣ እንዲህ እያለም ግራና ቀኝ እየተመላለሰ እስከ ላይኛው ከዘለቀ በኋላ በመጣበት ሥርዓት ይወርዳል። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ዕድሉን ሊሞክር ከአርሲ የመጣው ወጣትና ስኳር ያለበት ነጋዴ፣ ነጠላዋን በቱታዋ ላይ ያደገደገች እናትና ጡረታ የወጣ ወታደር አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ ማንም የማንን ስም አይጠይቅም፣ ማንም የማንን ሰዓት አይቆጥርም።

ባለፈው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሰውነቱን በሚጠግንበት ሰሞን፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ወይዘሮ ከዚህ ማኅበር ተቀላቀሉ። ወይዘሮዋ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ከተማሪ ቤት ዘመናቸው ወዲህ የሮጡበት ጊዜ ቢኖር ታክሲ ሊያመልጣቸው ሲል ብቻ ነው። ወደ እርከኑ ያመጣቸው የጤና ነገር አልነበረም። የግቢ ጎረቤታቸው የነበሩ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው አንዲት አሮጊት አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የሚሰበስብ ማእከል ተቀብሏቸው ነበርና፣ ሊጠይቋቸው በሄዱ ቁጥር በየዕለቱ የሚታጠበው አንሶላና የሚጣደው ድስት ብዛት እያስጨነቃቸው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻም ኅዳር ላይ በሚደረገው በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ሮጠው ሊጨርሱ፣ ስለ እያንዳንዱም ኪሎ ሜትር ከወዳጅ ከዘመድ ገንዘብ አሰባስበው ለማእከሉ ሊያስረክቡ ቃል ገቡ። ቃሉን የገቡት በምሳ ሰዓት፣ በባልደረቦቻቸው ሁሉ ፊት ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የሚታሰብ አልሆነም።

ለበጎ አድራጎት መሮጥ በየአገሩ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ በአገራችንም ከዓመት ወደ ዓመት እየተስፋፋ ነው። ይሁንና አዲስ ጀማሪ ከዚህ ሥራ የሚያገኘው ትምህርት ምን እንደሆነ፣ እግሩና ኪሱ በምን ሕግ እንደሚመሩ፣ ከሩጫውም ማግሥት የሚቀረው ዕዳ የማን እንደሆነ ተገልጦ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይሰማም። ይህ ጽሑፍ የወይዘሮዋን መንገድ እየተከተለ ያንን ለመመርመር ይሞክራል።

የሩጫው አባቶች

ሩጫ በኢትዮጵያ ሲነሣ የሰው ሐሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባለ ድሎቹ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከፈጸመ ወዲህ፣ ሩጫ ለዚህ ሕዝብ የጥቂት ምርጦች ገድል ሆኖ ኖረ፤ የቀረው ሰው በሬዲዮኑ ወይም በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ምስክር ነበረ። ይህን ልማድ የሰበረው ራሱ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ የ10,000 ሜትሩን የኦሊምፒክ ወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ካጠለቀ በኋላ፣ ተራው ሰው ከአትሌቱ ጋር በአንድ ጎዳና የሚሮጥበት በዓል በአገሩ እንዲቋቋም ከወዳጆቹ ጋር መከረ። ምክሩም ፍሬ አፍርቶ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች በመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰለፉ፤ በዚያም ቀን ከሁሉ ቀድሞ የገባው ኃይሌ ራሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ40,000 በላይ የደረሰበት ዓመት አለ፤ ካናቴራውን ለብሶ ከሚወጣውም ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በሕይወቱ አንድም ውድድር አሸንፎ የማያውቅ፣ ለማሸነፍም የማያስብ ነው።

ለዚህ በዓል አርአያ የሆነው የእንግሊዞቹ ታላቁ የሰሜን ሩጫ ነው። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ብሬንደን ፎስተር የመሠረተው ይህ ሩጫ፣ ሰኔ 21 ቀን 1973 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ 12,000 ያህል ሰዎችን ይዞ ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት 20 ቀን የለንደን ማራቶን ተመሥርቶ ነበር፤ እርሱም ከተመሠረተ ጀምሮ ሯጮቹ ለበጎ አድራጎት የሰበሰቡት ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል። በእነዚህ ሩጫዎች የበጎ አድራጎት ማኅበራት የተወሰነ የተሳትፎ ቦታ ይይዛሉ፤ ቦታውን ለሚፈልገው ሯጭ ይሰጡትና እርሱ ደግሞ ከወዳጆቹ የተወሰነ ገንዘብ ለመሰብሰብ ይዋዋላቸዋል። ሩጫና ምጽዋት በዘመናችን የተጋቡት ከሞላ ጎደል በዚህ ውል ነው።

ታላቁ የሰሜን ሩጫ በተጀመረበት በዚያው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ ማርያም፣ ከባሕር ማዶ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ዐረፈ። ይኸውም ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ነው። ፎክስ በ18 ዓመቱ የአጥንት ነቀርሳ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አስቆረጠው፤ በሆስፒታልም ያያቸው የሕፃናት ሕሙማን ሥቃይ ከልቡ ስላልወጣ፣ በሰው ሠራሽ እግር ከዓመት በላይ ከተለማመደ በኋላ ሚያዝያ 4 ቀን 1972 ዓ.ም. ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ ካናዳን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሊያቋርጥ ጀመረ። በየዕለቱ የማራቶን ያህል እየሮጠ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ፣ ነቀርሳው ወደ ሳንባው ተዛምቶ ነሐሴ 26 ቀን መንገዱን አስቆመው። በመነሻው ሰሞን ግን የተመለከተው ሰው ጥቂት፣ የሚሰጠውም ገንዘብ እፍኝ የማይሞላ ነበር። ነገሩን የለወጠችው 10,000 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ፖርት ኦ ባስክ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ናት፤ ይህች ከተማ 10,000 ዶላር ሰብስባ ብትሰጠው፣ ፎክስ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ አንድ ዶላር የመጠየቅን አሳብ ከዚያ አገኘ። የካናዳ ሕዝብ ያን ጊዜ ወደ 24 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ፎክስም ከመሞቱ በፊት የተሰበሰበው ገንዘብ 24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ አየ።

ከዚህ የሚከተለው ታሪክ የእኛንም ቤት የሚነካ ነው። በ1977ቱ ድርቅና ረኀብ ምክንያት ዓለም ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጎረቤቶቿ ፊቱን በመለሰበት ጊዜ፣ ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. «ስፖርት ኤድ» በተባለው ዘመቻ ለአፍሪካ ረኀብተኞች እርዳታ በ89 አገሮች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሮጠ። ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ ችቦ ይዞ ከአገሩ ተነሥቶ፣ የአውሮፓን ከተሞች አልፎ፣ ኒው ዮርክ ከተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ ሲደርስ ሩጫው ተከፈተ። የሩጫው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሕዝብ በየዓመቱ የሚሮጠውም ይኸው 10 ኪሎ ሜትር ነው። የተገኘው ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ለሯጮቹ ቢካፈል ለአንዱ 2 ዶላር እንኳ አይደርሰውም። ያን ጊዜ ተቀባይ የነበረች አገር ከ15 ዓመት በኋላ የራሷን ሕዝብ በራሷ ጎዳና አሰልፋ ማስሮጧ ሊዘከር የሚገባው ነው፤ ከፎክስና ከስፖርት ኤድ ታሪክ የሚወጣው ቁጥር ግን አንድ ነገር ይመሰክራል፦ ገንዘቡን ያበዛው የሰጪዎች ቁጥር ነው፣ ድምሩማ በሰዉ ቁጥር ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ዶላር አይበልጥም ነበር።

የሰውነት ሒሳብ

ወይዘሮዋ የመጀመሪያውን ጠዋት ሲጀምሩ፣ አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ባለ በሌለ ኀይላቸው ሮጡ። የታችኛውን እርከን ግማሽ ሳያደርሱ ውጋት ጎናቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያቃስቱ፣ በየማለዳው ከዚያ የማይጠፉት ጡረተኛው መቶ አለቃ አጠገባቸው ደርሰው ቆሙ።

«ልጄ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?»

«ኧረ ማንም ጋሼ! ትንፋሼ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ።»

«ትንፋሽሽማ እውነቱን ነው። ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር እየተጫወትሽ መሮጥ ካልቻልሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ነይ፣ ከእኔ ጋር ዱብ ዱብ በይ፤ ዝም ካልሽ አቆምሻለሁ።»

የመቶ አለቃው ምክር የሐኪሞችም ምክር ነው። የሚሮጥ ሰው ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልቡና ሳንባው የሚጠየቁትን አየር እያቀረቡ ናቸው፤ ቃል እየቆራረጠ ከተናገረ ግን ሰውነቱ ከአቅሙ በላይ መበደር ጀምሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው ነዋሪ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚህ አየር ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው ሲቀመጥና ሲራመድ አይታወቀው ይሆናል፤ ዳገት ላይ ሶምሶማ ሲጀምር ግን ከፍታው ድርሻውን ይጠይቃል።

ከትንፋሽ ቀጥሎ የሚመጣው የአጥንትና የጅማት ነገር ደግሞ ይበልጥ ስውር ነው። ሰው መሮጥ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ ጡንቻውም አየርን መጠቀም ይማራል፤ ስለዚህ ጀማሪው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት አንዳች ታላቅ ኀይል ያገኘ ይመስለዋል። ጅማትና አጥንት ግን በዚያ ፍጥነት አይጓዙም፤ የሚያስፈልጋቸው ወራት ነው። ይልቁንም አጥንት አዲስ ሸክም ሲመጣበት፣ ግድግዳ የሚያድስ ግንበኛ አስቀድሞ የላላውን ድንጋይ እንደሚያወጣ፣ መጀመሪያ አሮጌውን አፍርሶ ነው አዲሱን የሚተካው፤ በመካከሉ ከቀድሞው የሳሳ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በሩጫ ላይ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር የሚሸከመው ኀይል ከሰውነት ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ 10 ኪሎ ሜትር ለጀማሪ ወደ 10,000 እርምጃ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጀማሪዎች ልባቸው «ሂዱ» እያላቸው ቅልጥማቸውን የሚያማቸው፣ አንዳንዶቹም አጥንታቸው እስከ መሰንጠቅ የሚደርሰው፣ በዚህ በሁለቱ ፍጥነት መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ቀላል ሆኖ የትዕግሥት ፈተና የሚያበዛ ነው። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ፣ እናቱን ጨምሮ ከወንበር ተነሥተው የማያውቁ ሰዎች በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር እንዲሮጡ የሚያደርግ ሥርዓት አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጀማሪዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሮጣል። የመጀመሪያው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንዲህ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሶምሶማው ጥቂት ይረዝማል፣ እርምጃው ጥቂት ያጥራል። ወይዘሮዋ ልጃቸው ከስልክ አውጥቶ ያነበበላቸውን ይህን ሥርዓት በአንድ ወረቀት ላይ እንደ ሒሳብ ሠንጠረዥ አሰመሩትና ሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን መረጡ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ለዕረፍት ዋሉ፤ እሑድ የቅዳሴ ሆነ። የሳምንቱ የጾም ሥርዓትና የአካል ዕረፍት ሥርዓት እንዲህ ሳይጋጩ መገጣጠማቸው ለወይዘሮዋ ትልቅ ማበረታቻ ሆናቸው።

ጫማ ሲገዙም ምክር ያስፈለጋቸው ከዋጋው ይልቅ በልኩ ነው። በመርካቶ የተገኘው ሰልባጅ ጫማ ውጫዊ መልኩ ያማረ ቢሆንም፣ መቶ አለቃው ተረከዙን በሁለት ጣታቸው ጭነው ሶሉ እንደ ሞተ አሳዩዋቸው፤ አዲሱንም ሲለኩ በአውራ ጣታቸውና በጫማው አፍንጫ መካከል የአንድ ጣት ስፋት እንዲተርፍ አዘዟቸው፤ እግር ሲሮጥ ያብጣልና። ቁርሳቸው ከሩጫው በኋላ በማር የተበጠበጠ በሶ ሆነ። መስከረም ሲገባደድ 20 ደቂቃ ሳያርፉ ሮጡ፤ በጥቅምት አጋማሽ ደግሞ ቅልጥማቸውን ቢያማቸው፣ ለቃላቸው ሲሉ በሥቃይ መሮጥ ጀግንነት መስሎ ታይቷቸው ነበር፤ ጡረተኛው ግን ለሳምንት እርምጃ ብቻ ፈቀዱላቸው። ሕመሙም ዐለፈ።

የተስፋ መዝገብ

ገንዘብ የማሰባሰቡ ሥራ ከሩጫው ይበልጥ ያሳፍራል። ወይዘሮዋ ሰው ሲለምን አይተው እንጂ ለምነው የማያውቁ ስለ ነበሩ፣ እፍረታቸውን የሸፈኑት በሙያቸው ነው። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዙና አምስት ዓምድ አሰመሩበት፦ ስም፣ በኪሎ ሜትር ቃል የተገባው፣ ድምሩ፣ የተከፈለው፣ የቀረው። ከመጀመሪያው ሦስት ደንብ ደነገጉ። የመመዝገቢያው ዋጋም ሆነ የጫማው ከሰው ከተሰበሰበው ገንዘብ አይነካም፤ የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። ገንዘቡ በእሳቸው እጅ አያልፍም፤ ሰጪው በቀጥታ ለማእከሉ የባንክ ሒሳብ አስገብቶ ደረሰኙን ያሳያል፣ በቴሌብር የላከም መልእክቱን ያስነብባል። ሦስተኛው፣ ኪሎ ሜትሩን ካልጨረሱ የጎደለው አይጠየቅም፤ ዘጠኝ የሮጠ የዘጠኝ ያገኛል።

ደብተሩ በመሥሪያ ቤቱ ሲዞር የታየው ትርኢት የሰውን ጠባይ ለሚመረምር ሰው የሚጠቅም ነው። አንድ ኀላፊ እየሳቁ፣ «እርስዎ ከጨረሱማ በኪሎ ሜትር 500 ብር ይጻፉብኝ» አሉ፤ በንግግራቸው ውስጥ ገንዘቡ እንደማይወጣ የተማመኑ ይመስሉ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ግን ደብተሩን በሩቅ ሲያይ ቆይቶ፣ ሰው ሲበተን ጠጋ ብሎ፣

«እትዬ፣ እኔ በኪሎ ሜትር አምስት ብር ነው የምችለው፤ ይጻፋል?» ሲል ጠየቀ።

«ይጻፋል እንጂ! ና፣ ስምህን በራስህ እጅ ጻፍ።»

በሰፈራቸው ዕድር ደግሞ ነገሩ በሥርዓት አከራከረ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ የዕድር ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን የተመደበ ስለሆነ ለሩጫ አንዲት ሳንቲም እንደማይወጣ በደንቡ አንቀጽ አስረዱ፤ አባላቱም ተስማሙ። ነገር ግን ስብሰባው ተዘግቶ ሰዎች ሲነሡ፣ እኚሁ ገንዘብ ያዥ ከሁሉ ቀድመው በደብተሩ ላይ ፈረሙ፤ የሕዝቡን ገንዘብ እንደ ደንቡ ጠብቀው የራሳቸውን እንደ ፈቃዳቸው ሰጡ። ዕድርን፣ ዕቁብን፣ ሰንበቴንና የጽዋ ማኅበርን ያቆየው ሕዝብ ይህን የመዋጮ ሥርዓት ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። የእንግሊዙ ሯጭ ከወዳጆቹ ጋር የሚዋዋለውን ውል ይህ ሕዝብ ከአያቶቹ ጀምሮ በየወሩ ሲፈጽመው ኖሯል፤ አዲስ የሆነው፣ የመዋጮው ምክንያት የአንድ ሰው ላብ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማእከሉን መርዳት የፈለገ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ መቀመጥ ሲችል፣ ሌላ ሰው በጎዳና ላይ እንዲደክም ለምን ያስፈልጋል? ድካሙ ድስት ውስጥ አይገባም፤ ሩጫው አንሶላ አያጥብም። ይህን ጥያቄ ያነሡ ሰዎች በወይዘሮዋ መሥሪያ ቤትም ነበሩ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ሩቅ ሳይሄዱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማግኘት ይቻላል። ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ተነጣጥለው እንዳይፈጸሙ አባቶች ሲያስተምሩ፣ የጾመ ሰው ከማዕዱ ያተረፈውን ለነዳያን እንዲያካፍል ያዝዛሉ፤ እንግዲህ ሥጋ ሲደክም እጅ እንዲዘረጋ የሚያደርገው ሥርዓት ሩጫ ከመታሰቡ በፊት በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ሰው ለራሱ ምቾት አንዳች ነገር ሲቀንስ የሌላውን እጦት የሚያይበት ዓይን ይከፈትለታል፤ ስጦታውም ከትርፉ የወደቀ ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ ከሕይወቱ የተቆረሰ ድርሻ ይሆናል። የሚያዩትም ሰዎች ድካሙን አይተው ቃሉን ያምኑታል። ስእለት የተሳለ ሰው በእግሩ እስከ ቁልቢ ወይም እስከ ግሸን ቢጓዝ፣ መንገዱ የቃሉ መያዣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የወይዘሮዋም 10 ኪሎ ሜትር እንደዚሁ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የላከው የመጀመሪያው መልእክት በዚህ ነገር የሚያስደንቅ ነው። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ የስፖርት በዓል በአቅራቢያዋ የሚከበርባት ከተማ ስለ ነበረች፣ ሐዋርያው በምዕራፍ 9 ስለ ሯጮች፣ ስለ ሽልማታቸውና ሥጋቸውን ስለ መግዛታቸው ያነሣል፤ በዚያው መልእክት በምዕራፍ 16 ደግሞ ለኢየሩሳሌም ችግረኞች የሚሰበሰበውን መዋጮ ያዝዛል። የመዋጮው አሰባሰብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ እርሱ በመጣ ጊዜ በጥድፊያ እንዳይሰበሰብ፣ እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅሙ በቤቱ ጥቂት ጥቂት እንዲያኖር ይመክራል። የአትሌት ልምምድም የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጥቂት የሮጠ ሰው በኅዳር 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሦስት ወር ተኝቶ በዋዜማው የተነሣ ግን እግሩን ይሰብራል። በሳምንት ጥቂት ያኖረ ሰው በዓመቱ የአንድ አረጋዊ ቀለብ ይችላል፤ በአንድ ቀን ስሜት ተነሣሥቶ ሁሉን እሰጣለሁ ያለ ግን ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይረሳል።

የኅዳር እሑድ

የሩጫው ዕለት ብርዱ የኅዳር ነበር፤ ካናቴራው ግን አደባባዩን በአንድ ቀለም ሞልቶት ብርድ የሚያስታውስ አልተገኘም። ለአሸናፊነት የሚወዳደሩት አትሌቶች ቀድመው ተለቀቁና ሕዝቡ ገና ሳይነቃነቅ ከዓይን ተሰወሩ። ቀጥሎ የተለቀቀው ሕዝብ ሩጫውን እንደ ሠርግ ያዘው፤ ከበሮ የያዙ ወጣቶች እየዘፈኑ ይሮጣሉ፣ ሌሎች ክብ ሠርተው ይጨፍሩና እንደገና ይሮጣሉ፣ አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ይራመዳሉ፣ በመንገዱ ዳር ያሉ ነዋሪዎችም በጀሪካን ውኃ እያወጡ በሚያልፈው ላይ ይረጫሉ።

ወይዘሮዋ የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሮጡ አልቻሉም፤ ሰው አላሳለፋቸውም። በኋላ እንደ ተረዱት ይህ መጨናነቅ ለጀማሪ በረከት ነው፤ በስሜት ፈጥኖ ጉልበቱን እንዳይጨርስ ያግደዋል። ከአምስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መንገዱ ሲከፈት በተማሩት ልክ፣ እየተነጋገሩ በሚሮጡበት ፍጥነት ያዙ፤ አጠገባቸው ለነበረች አንዲት ተማሪም ስለ ማእከሉ እየነገሯት ሮጡ። ስምንተኛው ላይ ዳገት መጣ፤ ያን ጊዜ ወሬው ቆመ። ወይዘሮዋም በእርምጃ ወጡት፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ እንደገና ሶምሶማ ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያለፈው ጊዜያቸው በማንም መዝገብ አይጻፍም፤ ሜዳሊያውን ግን አንገታቸው ላይ አድርገው ሰኞ ቢሮ ገቡ።

ከሜዳሊያው በኋላ

ደብተሩ ሲከፈት፣ ተላላኪው ደመወዝ በወጣበት ቀን፣ ከማንም ቀድሞ ሃምሳ ብሩን አስገብቶ መልእክቱን አሳየ። ትንንሽ ቃል የገቡት ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍለው ጨረሱ። ኀላፊውም ከፈሉ፣ ከፈሉ እንጂ አልካዱም፤ ነገር ግን ወይዘሮዋ ሜዳሊያውን ጠረጴዛቸው ላይ አኑረው ሁለት ጊዜ ጠዋት እንደምን አደሩ ማለት አስፈልጓቸዋል። ከዚህ የሚማረው ነገር አለ፦ ለመስጠት የሚሰበሰብ ገንዘብ የሚጠፋው በእምቢታ ሳይሆን በመዘግየት ነው፤ ስለዚህ ጀማሪ ሰብሳቢ ሩጫው በተፈጸመ በሳምንቱ ቀሪውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሰዉ ሁሉ ገና ሲያወራለት።

ወይዘሮዋ የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዘው ወደ ማእከሉ ሲሄዱ የተቀበሏቸው አስተባባሪ ምስጋናቸውን ከገለጹ በኋላ፣ ሳይሸሽጉ አንድ ነገር ነገሯቸው። በኅዳር ብዙ ሰው ይሰጣል፣ በበዓላትም ይሰጣል፤ ዱቄቱና መድኀኒቱ ግን በሐምሌም ያስፈልጋል። አንድ ቤት ለሚቀጥለው ወር ስንት ሰው እንደሚቀበል የሚወስነው በአንድ ቀን በመጣው ብዛት ሳይሆን በየወሩ እርግጠኛ ሆኖ በሚመጣው መጠን ነው። ወይዘሮዋ ይህን ሰምተው ደብተሩን አልጣሉትም። በአዲስ ገጽ ላይ ዓምዶቹን እንደገና አሰመሩ፤ «በኪሎ ሜትር» የሚለውን ሰርዘው «በወር» ብለው ጻፉበትና ከቀድሞዎቹ ሰጪዎች ዘንድ ተመለሱ። ከቀድሞዎቹ ግማሽ የማይሞሉት ፈረሙ፤ የማእከሉ አስተባባሪ ግን የእነዚህ ጥቂቶች መዋጮ በዓመት ሲሰላ ከሩጫው ገንዘብ እንደሚበልጥ አስልተው አሳዩዋቸው። ወይዘሮዋም ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከእርከኑ አልቀሩም፤ ዛሬ ቀስ እንዲል የሚመከረው ሌላ ጀማሪ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ለበጎ አድራጎት ለመሮጥ ያሰበ ሰው ቢኖር፣ ይህን ዘገባ ለሚጽፈው ሰው የሚታየው የሚከተለው ነው። ካናቴራውን ከመግዛቱ በፊት የሚረዳውን ቤት ሄዶ ይይ፤ ምን እንደሚያስፈልገውም ከቤቱ ሰዎች ይስማ። ቃሉን በሰው ፊት ይግባ፣ ገንዘቡን ግን በእጁ አይያዝ። ከ60 ሰከንድ ይጀምር፤ ትንፋሹን ይስማ፤ ቅልጥሙ ሲያመው ይቁም። ከሰጪዎቹ ሁሉ በፊት የራሱን ስም በደብተሩ መጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ሌላውን የሚጠይቀውን መጠን አስቀድሞ ራሱ ይክፈል። በኅዳር የሚደረገው ሩጫ ለዓመቱ ሥራ የሒሳብ መዝጊያ ቀን ነው፤ ዐዲሱ ሒሳብ የሚከፈተው በማግሥቱ ሰኞ ሲሆን፣ ለእርሱም ካናቴራ መልበስ አያስፈልግም።